ከሆስፒታል ወጥተው ወር ሳይሞላ የሚመለሱት ለምንድነው?

ጥያቄ፦ «አባቴ 67 ዓመታቸው ነው። ሲኦፒዲ (ሥር የሰደደ የሳንባ አየር ቧንቧ መጥበብ) አለብዎት ከተባሉ አራት ዓመት ሆነ። ሲጋራ ካቆሙ ቆይተዋል። ባለፈው አንድ ዓመት ብቻ ሦስት ጊዜ ተኝተዋል፤ ሦስቱንም ጊዜ ያያቸው ሐኪም የተለያየ ነው። ሁሌም ደህና ሆነው ይወጣሉ፣ ወር ሳይሞላ ይመለሳሉ። አሁን ቤት ውስጥ አራት ዓይነት የሚሳብ መድኃኒት፣ ፕሪድኒሶሎን (እብጠት የሚቀንስ የስቴሮይድ ኪኒን) እና የኦክስጅን ማሽን አለን። ማሽኑን ትንፋሽ ሲያጥራቸው እንከፍትላቸዋለን። ጣት ላይ የሚገባው የደም ኦክስጅን መለኪያ (በመቶኛ የሚያሳየው) 90 ሲል እናቴ ትደነግጥና 97 እስኪደርስ ከፍ ታደርገዋለች። ሌሊት እንቅልፍ የላትም፤ ትንፋሻቸውን ስትቆጥር ታድራለች። ከዚህ የጠነከረ መድኃኒት የለም? ወይስ ሐኪም እንቀይር?»

መልስ፦ ሐኪም አትቀይሩ። ዓመቱን ሙሉ ስትቀይሩ ነው የከረማችሁት፤ የችግሩ ግማሽ እሱ ነው። የጠነከረ መድኃኒት የሚለውም ለጊዜው ይቆይ፣ እመለስበታለሁ። ቤቱ ውስጥ አራት የሚሳብ መድኃኒት ያለው ሰው መድኃኒት አልጎደለውም። የጎደለው ከአንዱ መተኛት እስከ ሌላው ያለውን ጊዜ የሚይዝለት ሰው ነው።

የምመልሰው ከጻፍሽው ተነስቼ ነው፤ አባትሽን አልመረመርኳቸውም። ታሪኩን ግን በደንብ አውቀዋለሁ። ስሙና ዕድሜው ይለያያል እንጂ በየሳምንቱ ፊቴ የሚቀመጥ ታሪክ ነው።

መጀመሪያ «ደህና ሆነው ይወጣሉ» ያልሽው ላይ ልቁም። ሆስፒታል ሰው የሚያስወጣው አደጋው ሲያልፍ ነው፤ እስኪድን አይጠብቅም። ሲኦፒዲ ሲነሳ የአየር ቧንቧዎቹ ያብጣሉ፣ አክታው ይበዛል፣ የገባው አየር መውጫ ያጣል። ሳንባው እንደተነፋ ይቀራል፤ በተነፋ ሳንባ ላይ ሌላ ትንፋሽ መሳብ ደግሞ ከባድ ሥራ ነው። ሕመምተኛው «አየር አልገባልኝ አለ» ይላል። ዋናው ጣጣ ግን የገባው አልወጣ ማለቱ ነው። ይህ እብጠት በጥቂት ቀን መድኃኒት ይቀንሳል እንጂ ድራሹ አይጠፋም። ወደ ቀድሞው ለመመለስ ሳምንታት ይፈጃል፤ ሁለት ወር ሞልቶትም ገና የሆነ ሰው አለ። በዚያ ላይ አልጋ ላይ በዋሉባቸው ቀናት የእግር ጡንቻ ይሳሳል። ስለዚህ አባትሽ ቤት የሚገቡት ገና በግማሽ ጉልበታቸው ነው።

ለዚህ ነው ከወጡ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሳምንታት አደገኛ የሚሆኑት። በአሜሪካ በተደረጉ ትላልቅ ጥናቶች በዚህ በሽታ ተኝተው ከወጡ 5 ሰዎች አንዱ ገደማ በ30 ቀን ውስጥ ተመልሶ ይተኛል። አንድ ጊዜ ተነስቶበት የተኛ ሰው ድጋሚ የመተኛት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። እያንዳንዱ መነሳትም ከሳንባው ትንሽ ቆርሶ ሊሄድ ይችላል። የሚያሳዝነው፣ ሁሉም ሰው ትኩረቱን የሚሰጠው አልጋ ላይ ላሉበት ሳምንት ነው። በር ላይ ወረቀት ይሰጣችኋል፣ «ከባሰበት ይመለሱ» ይባላል፣ በቃ። ያ ምክር ራሱ መመለስን ይጠብቃል።

ሌላም ነገር አለ። የሲኦፒዲ ሕመምተኛ ትንፋሽ ሲያጥረው ሁሉም ሰው፣ ሐኪሙም ጭምር፣ «ያው ሳንባው ነው» ብሎ ይቀበላል። ሲጋራ ያጨስ የነበረ የ67 ዓመት ሰው ግን ልቡም ሊደክም ይችላል። እግራቸው ያብጣል? በጀርባቸው መተኛት ያቅታቸዋል? አንድ እግር ብቻ አብጦ ወይም ደረታቸውን ወግቷቸው በድንገት ትንፋሽ አጥሯቸው ያውቃል? ይህ የልብ ድካም ወይም ሳንባ ውስጥ የገባ የደም ጓል ሊሆን ይችላል፤ በሚሳብ መድኃኒት አይድንም። ሦስት ጊዜ ተኝተው ሦስት የተለያየ ሐኪም ካያቸው፣ «ሦስቱም ጊዜ የመጡት በአንድ ምክንያት ነው ወይ?» ብሎ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ስፓይሮሜትሪ፣ ማለትም በጉልበት የሚነፋው የትንፋሽ ምርመራ፣ ተሠርቶላቸው ያውቃል ወይ ብለሽም ጠይቂ። የበሽታው ስም የሚጸናው በዚያ ነው። ያለ እሱ ለዓመታት በግምት የሚታከም ሰው ብዙ ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቶቹ። አራት መሆናቸው ራሱ አንድ ነገር ይነግረኛል፤ እያንዳንዱ ሐኪም የራሱን ጨመረ፣ የቀደመውን የቀነሰ የለም። ብዙ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ቤት ስመለከት ከአራቱ ሁለቱ የንግድ ስማቸው ይለያይ እንጂ ውስጣቸው አንድ ነው። ሕመምተኛው ሳያውቅ እጥፍ ይወስዳል። ልብ ምት ይጨምራል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ያም እንደገና «በሽታው ባሰበት» ይባላል። በሌላ በኩል ደግሞ በየቀኑ የሚወሰደውንና ሲጨንቅ ብቻ የሚወሰደውን ይቀላቅላሉ። ሳልቡታሞል በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያቀል ይወደዳል፤ እንደ ቲዮትሮፒየም ያለው በየቀኑ የሚወሰደው ግን ወዲያው የሚሰማ ነገር ስለሌለው ይረሳል። ከመተኛት የሚያድነው ያ የተረሳው ነው።

አሳሳቡስ? እዚህ ላይ አንድ ልማድ አለኝ። «በትክክል ይጠቀማሉ?» ብዬ አልጠይቅም፤ ሁሉም «አዎ» ነው የሚለኝ። «እስቲ ያሳዩኝ» እላለሁ። ከዚያ ነው ጉዱ የሚወጣው። ክዳኑን ሳይከፍት የሚጫን አለ። በመሣሪያው ተበስቶ ዱቄቱ መሳብ ያለበትን ካፕሱል በውኃ የሚውጥ አለ። ደግሞ አንዱ ከሌላው አሳሳቡ ተቃራኒ ነው። ሲጫኑት የሚረጨው ዓይነት ተወዝውዞ፣ ትንፋሽ ወጥቶ፣ በዝግታና በጥልቀት ይሳባል፤ ከዚያ እስከ 10 ሰከንድ ይያዛል። ስፔሰር የሚባለው የፕላስቲክ ቱቦ ከተገጠመለት ደግሞ ለአረጋዊ በጣም ይቀላል። የዱቄቱ ዓይነት ግን በፍጥነትና በጉልበት ነው የሚሳበው። አንድ ሰው ሁለቱንም ሲሰጠው የሚደባልቀው ወዶ አይደለም። ስቴሮይድ ያለበትን ከሳቡ በኋላ አፍ ተጉመጥምጦ መትፋት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ አፍ ውስጥ ነጭ ፈንገስ ይወጣል።

ይህን ስትሰሚ ከአራቱ ሁለቱን አንስተሽ እንዳትጥዪ። የትኛው ይቀንሳል የሚለውን የሚወስነው የሚከታተላቸው ሐኪም ነው። የአንቺ ሥራ ሁሉንም፣ ያለቀውንም ጭምር፣ በአንድ ፌስታል ከትቶ መውሰድ ነው። ስም ጽፈሽ አትሂጂ፤ ዕቃውን ይዘሽ ሂጂ።

ከጻፍሽው ሁሉ ያስደነገጠኝ ግን መድኃኒቱ ሳይሆን ኦክስጅኑ ነው። 90 ያለውን ወደ 97 ማድረስ አሁኑኑ መቆም አለበት። እናትሽ የሚያደርጉት ከፍቅር ነው፤ ውጤቱ ግን ሊገድል ይችላል። ከባድ ሲኦፒዲ ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች ካርቦን ዳይኦክሳይድን በደንብ ማስወጣት ያቅታቸዋል። ለእነዚህ ሰዎች ኦክስጅን ሲበዛ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ሰዎች ይህን «ኦክስጅን ሲያገኝ መተንፈስ ይረሳል» ብለው ያሳጥሩታል። እሱ ትንሹ ክፍል ነው። ዋናው፣ ኦክስጅኑ ሲበዛ ደሙ በደንብ አየር ወደማያገኙ የሳንባ ክፍሎች መሄዱ ነው፤ እዚያ የደረሰ ደም ካርቦን ዳይኦክሳይዱን የሚያራግፍበት የለውም። ምልክቱ ድብታ፣ ጠዋት የሚነሳ ራስ ምታት፣ መቀባዠር ነው። አስታማሚ «ጎሽ፣ አሁንስ እንቅልፍ ወሰዳቸው» ብሎ ደስ ሲለው ሕመምተኛው ራሱን እየሳተ ሊሆን ይችላል። በአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ በአምቡላንስ በተወሰዱ ሕሙማን ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት፣ ኦክስጅኑ እየተለካ ከ88 እስከ 92 መካከል እንዲሆን ተደርጎ የተሰጣቸው ሰዎች ሞት፣ ዝም ብሎ ከተለቀቀላቸው ከግማሽ በላይ ያነሰ ነበር።

ስለዚህ እንደ አባትሽ ላለ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ከ88 እስከ 92 ነው። 90 ለእናትሽ መጥፎ ዜና አይደለም፤ መሐል ላይ ያለ ቁጥር ነው። ለአባትሽ የተወሰነው ቁጥርና በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሆነ በጽሑፍ ይሰጣችሁ። እስከዚያ ማሽኑን ሐኪሙ ባዘዘው ልክ ብቻ አስቀምጡት። ደንግጣችሁም በአንዴ አትዝጉት፤ እሱም ሌላ አደጋ አለው።

«ትንፋሽ ሲያጥራቸው እንከፍታለን» ያልሽውም ሁለተኛው ስህተት ነው። የቤት ኦክስጅን እንደ ማስታገሻ ተከፍቶ የሚዘጋ ነገር አይደለም። ትንፋሽ ማጠርና ኦክስጅን ማነስ አንድ አይደሉም፤ ደማቸው በቂ ኦክስጅን እያለው ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሰዎች ሞልተዋል። የቤት ኦክስጅን ዕድሜ እንደሚያራዝም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1980 እና በ1981 በወጡ ሁለት ጥናቶች ነው። የጠቀማቸው ደግሞ ዕረፍት ላይ ሆነው እንኳ ኦክስጅናቸው በጣም ዝቅ ያለ ሰዎች ናቸው፤ ከደም ወሳጅ ቧንቧ ደም ተቀድቶ በሚሠራው የደም ጋዝ ምርመራ 55 ሚሊሜትር ሜርኩሪና ከዚያ በታች፣ በጣት መለኪያ 88 እና ከዚያ በታች። እነሱም ማሽኑን በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት ሲጠቀሙ ነው። መጠነኛ መቀነስ ብቻ ላለባቸው ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ትልቅ ጥናት ኦክስጅኑ ዕድሜም አላራዘመም፣ መተኛትም አልቀነሰም። እንግዲህ አባትሽ ወይ ኦክስጅን ያስፈልጋቸዋል፣ ያኔ ከቀኑ ግማሽ በላይ መጠቀም አለባቸው። ወይ አያስፈልጋቸውም፣ ያኔ ማሽኑ ከቤት ይውጣ። ሲወጡ የታዘዘ ኦክስጅን ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ተረጋግተው እያሉ እንደገና መለካት ነበረበት፤ ብዙ ሰው በዚያ ጊዜ ውስጥ ከኦክስጅን ይላቀቃል። ማንም አልለካቸውም ብዬ ብወራረድ የምሸነፍ አይመስለኝም።

ስለ መለኪያውም አንድ ነገር። ጣት ሲቀዘቅዝ፣ ጥፍር ቀለም ሲኖር፣ እጅ ሲንቀሳቀስ ይሳሳታል። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ የማሳየት ዝንባሌ አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የአሜሪካ ጥናት መለኪያው ደህና ቁጥር እያሳየ ደማቸው ውስጥ ግን ኦክስጅን ያነሰባቸው ሰዎች ከጥቁር ሕሙማን መካከል ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ያህል መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አትመኑ፤ ሰውየውን እዩ። አንድ ጊዜ በደም ጋዝ ምርመራ ከመለኪያው ጋር ማስተያየትም ጥሩ ነው። ማሽኑ ባለበት ክፍል እሳት፣ ሻማ፣ ሲጋራ አይኑር። ፊት ላይ ቫዝሊን አይቀባ። ይህን የምለው የተቃጠለ ፊት ስላየሁ ነው።

አሁን ፕሪድኒሶሎኑ። በሽታው ሲነሳ ይሠራል፣ ጥያቄ የለውም። የተለመደው 40 ሚሊግራም ለ5 ቀን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የስዊዘርላንድ ጥናት 5 ቀኑ ከ14 ቀኑ እንደማያንስ አሳይቷል። ችግሩ ቤት ውስጥ በተቀመጠ ጊዜ ነው። ትንሽ ሲደክማቸው ይወስዳሉ፣ ሲሻላቸው ያቆማሉ፣ በወሩ ይደግማሉ። ስኳር ይጨምራል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ጡንቻ ይደክማል፣ ኢንፌክሽን ይቀላል። ከሦስት ሳምንት በላይ ሳያቋርጡ ወስደው ከሆነ ደግሞ በድንገት ማቆም ክልክል ነው፤ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንስላቸው። አንቲባዮቲክም እንዲሁ ነው። የሚጠቅመው በተለይ አክታው ሲበዛና ቀለሙ ወደ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሲለወጥ፣ ትንፋሹም ሲብስ ነው እንጂ ሳል በሰማን ቁጥር አይደለም።

ለዚህ ነው በጽሑፍ የተቀመጠ የቤት ዕቅድ የሚያስፈልገው። አንድ ገጽ ይበቃል። የአባትሽ መደበኛ ቀን ምን ይመስላል? ስንት እርምጃ ይሄዳሉ፣ ስንት ጊዜ ያስላሉ፣ የአክታቸው ቀለም ምንድነው? ይህ ካልተጻፈ «ባሰባቸው» የሚለው ቃል ትርጉም የለውም። ቀጥሎ፣ ከመደበኛው ወጣ ሲል ምን ይጨመራል፣ ማን ይደወልለታል። ከዚያ ያለ ወሬ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስሮጡት፦ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ትንፋሽ መቆራረጥ፣ ከንፈር መጥቆር፣ ድብታ ወይም መቀባዠር፣ የደረት ሕመም፣ ሳልቡታሞሉን ወስደው ምንም አለመቅለል። ግን ልብ በይ። ወረቀቱ ብቻውን መድኃኒት አይደለም። እንዲህ ያሉ ዕቅዶች በብዙ ጥናቶች መተኛትን ቀንሰዋል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ዕቅድ የተሰጠው ቡድን ውስጥ ብዙ ሰው ስለሞተ ከጊዜው በፊት ተቋርጧል። ምክንያቱ በግልጽ አልታወቀም። እኔ የምወስደው ትምህርት ይህ ነው፤ ቤት ውስጥ ራስን ማከም ስልክ የሚያነሳ ሰው ሳይኖር አይደረግም። መድኃኒት ከጀመራችሁ በዚያው ቀን አሳውቁ፤ በሁለት ቀን ካልተሻላቸው ይታዩ።

«የጠነከረ መድኃኒት» ወዳልሽው ልመለስ። አለ፣ ግን ተራውን ጠብቆ ነው የሚመጣው። ሁለት ቧንቧ ከፋችና አንድ ስቴሮይድ በአንድ መሣሪያ የተዋሃዱበት አለ፤ ለተደጋጋሚ መነሳት ይረዳል፣ በተለይ የደም ምርመራ ላይ ኢዮሲኖፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች በማይክሮሊትር 300 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ። ስቴሮይዱ የሳንባ ምች ዕድልን ከፍ ስለሚያደርግ ለሁሉም አይሰጥም። ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ አዚትሮማይሲን (አንቲባዮቲክ) እና ሮፍሉሚላስትም (የሳንባ እብጠት የሚቀንስ ኪኒን) አሉ። የመጀመሪያው መስማትንና የልብ ምትን ሊነካ ይችላል፤ ሁለተኛው ተቅማጥ ያመጣል፣ ያከሳልም። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ዱፒሉማብ የተባለው መርፌ ኢዮሲኖፊላቸው ከፍ ላለ የሲኦፒዲ ሕሙማን በአሜሪካ ተፈቅዷል። ከሆስፒታል ከወጡ ከ2 እስከ 4 ሳምንት በኋላም ካርቦን ዳይኦክሳይዳቸው አልወርድ ላላቸው ሰዎች ማታ ማታ በጭምብል የሚረዳ የመተንፈሻ ማሽን አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ የእንግሊዝ ጥናት ኦክስጅን ብቻ ካገኙት መካከል ግማሾቹ በ1.4 ወር ውስጥ እንደገና ተኝተዋል ወይም ሞተዋል፤ ማሽኑ ለተጨመረላቸው ይህ ጊዜ ወደ 4.3 ወር ተራዝሟል። ይህ ሁሉ ግን አሳሳቡ ሳይስተካከልና ኦክስጅኑ ልኩ ሳይታወቅ ቢጨመር በቀዳዳ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው።

ማንም ያልነገራችሁን የምጠረጥረው ትልቁ ሕክምና እንቅስቃሴ ነው። የሳንባ ማገገሚያ ይባላል። ከወጡ በ4 ሳምንት ውስጥ ቢጀመር ትንፋሽን ያሻሽላል፣ ተመልሶ መተኛትንም ይቀንሳል። ሳንባው አይታደስም፤ እግር ሲጠነክር ግን ለዚያው እርምጃ የሚያስፈልገው አየር ያንሳል። ቤተሰብ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። «አይነሱ፣ እኛ እናመጣለን» ይባላል፣ ሰውየው ወንበር ላይ ይቀራል፣ ጡንቻው ያልቃል፣ መጸዳጃ ቤት መሄድ ተራራ ይሆንበታል። ፕሮግራም ካላገኛችሁ ሐኪሙን አማክራችሁ በቤት ጀምሩ። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ መራመድ፣ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ በየሳምንቱ ትንሽ መጨመር። እየተራመዱ ማውራት እስከቻሉ ድረስ ትንፋሽ ማጠሩ አያስፈራ። ሲያጥራቸው በአፍንጫ ስበው ከንፈር አሞጥሙጠው ቀስ ብለው ያውጡ፤ የታሰረው አየር እንዲወጣ ይረዳል። ፊት ላይ የሚነፍስ ትንሽ የእጅ ማራገቢያም የማፈን ስሜቱን ይቀንሳል። ሰው ይስቅብኛል፣ ግን ይሠራል። ከዚህ ሌላ የኢንፍሉዌንዛና የኒሞኮካል (የሳንባ ምች መከላከያ) ክትባታቸው ይታይ፤ ክብደታቸውም እየቀነሰ ከሆነ ለሐኪሙ ይነገር። የእንቅልፍ ኪኒን ያለ ሐኪም ፈቃድ አትስጧቸው፤ ትንፋሽን ያዳክማል።

እንግዲህ ምን ታደርጉ? ምክሬ አንድ ነው። በዚህ ሳምንት አንድ ሐኪም ምረጡ። ትልቅ ስም ያለው ፕሮፌሰር ለማግኘት ወራት አትጠብቁ፤ ተደጋግሞ የሚገኝ፣ የሚያዳምጥ፣ ከቻለ ስልክ የሚያነሳ ይሻላል። ጠቅላላ ሐኪም ቢሆንም ይሆናል፤ የሳንባ ስፔሻሊስቱ በእሱ በኩል ይጠራል። የሦስቱንም ጊዜ የመውጫ ወረቀት፣ የመድኃኒቱን ፌስታል፣ መለኪያውን ይዛችሁ ሂዱ። እንዲህ በሉት፦ «ሦስት ሰው አክሟቸዋል፤ የሚይዛቸው ሰው ነው ያጣነው፤ እርስዎ ይያዙልን።» ከዚያ አራት ነገር ሳትቀበሉ አትውጡ። የተስተካከለ የመድኃኒት ዝርዝር፣ የኦክስጅኑ ቁጥር፣ የቤት ዕቅዱና የሚቀጥለው ቀጠሮ ቀን። ወደፊት ከተኙም ከወጡ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ አንድ ጊዜ፣ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ውስጥ ደግሞ ሌላ ጊዜ መታየት አለባቸው። ቀጠሮው ሳይያዝ ከሆስፒታል በር አትውጡ። በድንገት ሌላ ቦታ ከገቡም ያቺን አንድ ገጽ ለተረኛው ሐኪም አሳዩ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አባትሽን አይቷቸው ለማያውቅ ሰው ከዚያ የተሻለ ስጦታ የለም።

ይህ ሁሉ ቢደረግም በሽታው አይጠፋም። እንደገና ሊነሳ፣ እንደገና ሊተኙ ይችላሉ። ሦስት ጊዜ የነበረው አንድ ጊዜ ቢሆን ትልቅ ድል ነው። ስለዚህ ደህና በሆኑበት ቀን፣ ተረጋግታችሁ፣ አንድ ከባድ ወሬ አንሱ። ቢብስባቸው ቱቦ ገብቶ በማሽን መተንፈስን ይፈልጋሉ? አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) መግባትንስ? የሚመልሱት ራሳቸው ናቸው። ይህን ማውራት ሟርት አይደለም። ያልተወራበት ቤት ውሳኔው ኮሪደር ላይ በለቅሶ መሐል ልጆች ጭንቅላት ላይ ይወድቃል። ትንፋሹ በሁሉም መንገድ አልቀል ካለም በሐኪም ቁጥጥር በትንሽ መጠን የሚሰጥ ሞርፊን አለ። ለመሞቻ ብቻ የሚሰጥ ነው የሚለው ስህተት ነው።

የቀሩት እናትሽ ናቸው። ትንፋሽ ሲቆጥሩ ማደር አባትሽን አይጠብቃቸውም፤ እናትሽን ግን ያፈርሳቸዋል። እንቅልፍ ያጣ አስታማሚ መድኃኒት ያሳስታል፣ ይደነግጣል፣ የኦክስጅኑን ቁልፍ ያዞራል። ሌሊቱን ተካፈሉት። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ሌሊት አንቺ ወይም ሌላ ሰው እዚያ ይደር፣ እናትሽ በሌላ ክፍል በሩን ዘግተው ይተኙ። ጣት ላይ የሚገባውን መለኪያ ማታ ከአልጋው አጠገብ አንሱት፤ ሐኪሙ ካላለ በስተቀር በቀን ሁለት ጊዜ መለካት ይበቃል። በቀጠሮው ቀን እሳቸውም ይምጡ። ሐኪሙ የአባትሽን ጉዳይ ጨርሶ «እርስዎስ ሌሊት ስንት ሰዓት ይተኛሉ?» ብሎ ካልጠየቃቸው፣ ጥያቄውን አንቺ አንሺው።